ክሮስ ሴክሽንን ማስላትና ማንበብ፦ ከወርቅ ቅጠል እስከ ሂግስ ቦዞን

የቅንጣት ፊዚክስን ጽሑፍ ለማንበብ የሚሞክር ሰው በመጀመሪያ ከሚገጥሙት መጠኖች አንዱ ክሮስ ሴክሽን ነው። የሙከራ ቡድኖች አንድን ሂደት «ለካን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የለኩት ይህንኑ ነው፤ የንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎችም ረጅሙን ስሌት ጨርሰው ለሙከራ ሰዎች የሚያስረክቡት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ትርጓሜውን በአንድ አንቀጽ ተናግረው ወዲያው ወደ ኢንተግራል ስለሚሻገሩ፣ ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ቁጥሩ ሲቀርብለት ምን እንደሚነግረው ሳይገባው ይቀራል። ይህ መመሪያ ለዚያ ተማሪ የተጻፈ ነው። የሚጠይቀው ማባዛት፣ ማካፈልና የአስርን ርቢዎች በጥንቃቄ መደመር ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀትና ካልኩሌተር አጠገብዎ አስቀምጠው እያንዳንዱን ስሌት አብረው ይሥሩ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

አንድ የቅንጣት ጨረር ወደ ስስ ዒላማ ይላካል እንበል። ሦስት ነገሮችን መቁጠር ይቻላል፦ ስንት ቅንጣት እንደተላከ፣ በዒላማው ፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ስንት ኒውክሊየስ እንዳለ፣ እና የምንፈልገው ዓይነት ክስተት ስንት ጊዜ እንደደረሰ። ሦስተኛውን ቁጥር ለሁለቱ ፊተኞች ብዜት ስናካፍል የምናገኘው መጠን ክሮስ ሴክሽን ይባላል። የተላኩት ቅንጣቶችም ሆኑ ክስተቶቹ መለኪያ የሌላቸው ተራ ቆጠራዎች ሲሆኑ የኒውክሊየሶቹ ቁጥር ግን «በካሬ ሴንቲሜትር» ስለሆነ፣ ውጤቱ የሚወጣው በካሬ ሴንቲሜትር፣ ማለትም በስፋት መለኪያ ነው።

ስፋት የሆነበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ቁጥራቸው የሚታወቅ፣ መጠናቸው ግን የማይታወቅ ቅሎች ተሰቅለዋል። አንድ ሰው ሳያነጣጥር 1,000 ጠጠር ወርውሮ 20 ጊዜ የቅል ድምፅ ቢሰማ፣ ቅሎቹ በድምሩ የግድግዳውን ሃምሳኛ እንደሚሸፍኑ ያውቃል፤ ያንን ስፋት ለቅሎቹ ቁጥር ሲያካፍል የአንዱን ቅል ስፋት ሳያየው ያገኛል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይረዳል፤ ከዚህ አልፎ የሚያሳስትበትን ቦታ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ስሌቱን ከመጀመራችን በፊት ማካፈሉ ለምን እንዳስፈለገ ልብ ይበሉ። የተላከው ቅንጣት ብዛት የማሽኑ ጉዳይ ነው፤ የዒላማው ውፍረት የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ በአንድ ላቦራቶሪ የተቆጠረው 500 ክስተት በሌላው 5 ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ተካፍለው ሲወጡ የሚቀረው መጠን ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢለካ አንድ ነው። ክሮስ ሴክሽን ይህን ያህል ክብር የተሰጠው፣ ከቆጠራ ውስጥ የሰውን ድርሻ አውጥቶ የተፈጥሮን ድርሻ ስለሚያስቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

የወርቁ ቅጠል፣ በቁጥር

የመጀመሪያውን ስሌት በታወቀው ሙከራ ላይ እንሥራ። በ1909 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን አልፋ ቅንጣቶችን (ሁለት አዎንታዊ ሙል ያላቸውን የሂሊየም ኒውክሊየሶች) ወደ ስስ ብረቶች ልከው ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ አዩ፤ ኧርነስት ራዘርፎርድም በ1911 ይህ የሚሆነው የአቶሙ አዎንታዊ ሙል በጣም ትንሽ በሆነ እምብርት ላይ የተከማቸ እንደሆነ ብቻ መሆኑን አሳየ። ጥያቄያችን የሚከተለው ነው፦ 7.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ያላቸው አልፋዎች 1 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የወርቅ ቅጠል ላይ ቢያርፉ፣ ከስንቱ አንዱ ከ90 ዲግሪ በሚበልጥ ማዕዘን ይመለሳል?

በመጀመሪያ ኒውክሊየሶቹን ይቁጠሩ። የወርቅ እፍግታ 19.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲሆን 1 ማይክሮሜትር 10⁻⁴ ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ያለው ወርቅ 1.93 × 10⁻³ ግራም ይመዝናል። ይህን ለወርቅ የአቶም ክብደት ለ197 አካፍለው በአቮጋድሮ ቁጥር፣ በ6.022 × 10²³ ሲያባዙ 5.9 × 10¹⁸ ኒውክሊየስ በካሬ ሴንቲሜትር ያገኛሉ። ይህ እርምጃ ለማንኛውም ዒላማ አንድ ዓይነት ነው፦ እፍግታ በውፍረት፣ ለአቶም ክብደት ተካፍሎ፣ በአቮጋድሮ ቁጥር ተባዝቶ።

ቀጥሎ ክሮስ ሴክሽኑን ያስሉ። አልፋው በቀጥታ ወደ እምብርቱ ቢያመራ የኤሌክትሪክ ግፊያው ሙሉ በሙሉ የሚያቆመውን ርቀት ለማግኘት የአልፋውንና የወርቁን ሙሎች ብዜት፣ 2 × 79፣ በ1.44 አባዝተው ለኢነርጂው በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያካፍሉ፤ መልሱ በፌምቶሜትር ይወጣል። በእኛ ሁኔታ 29.5 ፌምቶሜትር ነው። የራዘርፎርድ ስሌት እንደሚለው በ90 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚመለሱት፣ የመጀመሪያ የጉዞ መስመራቸው ከእምብርቱ መሃል በዚህ ርቀት ግማሽ ውስጥ፣ ማለትም በ14.8 ፌምቶሜትር ውስጥ የሚያልፉት ናቸው። በዚህ ሬዲየስ የተሠራው ክብ ስፋት 686 ካሬ ፌምቶሜትር ገደማ ሲሆን፣ 1 ካሬ ፌምቶሜትር 10⁻²⁶ ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ ክሮስ ሴክሽኑ 6.86 × 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል።

በመጨረሻ ሁለቱን ያባዙ፦ 5.9 × 10¹⁸ በ6.86 × 10⁻²⁴ ሲባዛ 4 × 10⁻⁵ ይሰጣል። ስለዚህ ከ25,000 አልፋዎች አንዱ ያህል ይመለሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መመልከት ይገባል። የወርቅ ኒውክሊየስ ሬዲየስ 7 ፌምቶሜትር ገደማ ስለሆነ የራሱ ስፋት 154 ካሬ ፌምቶሜትር ያህል ነው፤ ያገኘነው ክሮስ ሴክሽን ግን የዚያን አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። የተመለሱት አልፋዎች ኒውክሊየሱን ሳይነኩት ከሩቅ ተገፍተው የተመለሱ ናቸው። ቀመሩን ደግሞ በሌላ ኢነርጂ ይሞክሩት፤ ኢነርጂው እጥፍ ሲሆን ክሮስ ሴክሽኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ኒውክሊየሱ ግን አልተለወጠም።

እውነተኛ መሣሪያ በሁሉም አቅጣጫ ስለማይመለከት፣ በተግባር የሚያስፈልገው በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ፣ በአንድ ስቴሬዲያን (የጠጣር ማዕዘን መለኪያ) ውስጥ ስንት እንደሚበተን የሚናገረው ዲፈረንሻል ክሮስ ሴክሽን ነው። በራዘርፎርድ ቀመር መሠረት ይህ መጠን ከማዕዘኑ ግማሽ ሳይን አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት በ15 ዲግሪ የሚበተነው በ150 ዲግሪ ከሚበተነው 3,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ጋይገርና ማርስደን በ1913 ከ5 እስከ 150 ዲግሪ ድረስ ቆጥረው ቀመሩ ትክክል መሆኑን ያረጋገጡት ይህን ግዙፍ ልዩነት በመከታተል ነው። ለእኛ ምሳሌ በ150 ዲግሪ የሚወጣው ዋጋ 6.3 × 10⁻²⁵ ካሬ ሴንቲሜትር በስቴሬዲያን ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ፊት ያለው መመዝገቢያ ከቅጠሉ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ቢቀመጥ የሚሸፍነው 0.01 ስቴሬዲያን ስለሆነ፣ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን አልፋ ቢላክ መመዝገቢያው በሴኮንድ 0.37፣ ማለትም በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ያህል ይቆጥራል። ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ፦ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቀመሩ ያለ ገደብ ያድጋል፤ ስለዚህ «የራዘርፎርድ ጠቅላላ ክሮስ ሴክሽን ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛው ማዕዘን በላይ እንደሆነ ካልተገለጸ መልስ የለውም።

ዒላማው ወፍራም ሲሆን

ከላይ የተጠቀምንበት ቀላል ማባዛት የሚሠራው ውጤቱ ከአንድ እጅግ ሲያንስ ብቻ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ወደ ፊት አይሂዱ። የካድሚየምን ሉህ እንመልከት። ካድሚየም ዝግተኛ ኒውትሮኖችን የሚውጥበት ክሮስ ሴክሽን በአማካይ 2.52 × 10⁻²¹ ካሬ ሴንቲሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ 4.63 × 10²² ኒውክሊየሶች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 117 በሴንቲሜትር ይሰጣሉ። ሉሁ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ማባዛቱ 11.7 ያወጣል፤ ይህ እንደ ዕድል ከተነበበ ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ዕድል ከአንድ አይበልጥም። ፊተኛው ንጣፍ የዋጠውን ኒውትሮን ኋለኛው ስለማያገኘው፣ ትክክለኛው መንገድ ያለፉትን በኤክስፖኔንሻል ማስላት ነው፦ የኢ (2.718 የሆነው ቋሚ ቁጥር) አሉታዊ 11.7ኛ ርቢ 8 × 10⁻⁶ ያህል ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዝግተኛ ኒውትሮኖች ስምንት ያህሉ ብቻ ያልፋሉ። የ117 ተገላቢጦሽ፣ ማለትም 0.085 ሚሊሜትር፣ አንድ ኒውትሮን ከመዋጡ በፊት በአማካይ የሚጓዘው ርቀት ነው።

ስለ መለኪያዎቹ

የ10⁻²⁴ ርቢ በየመስመሩ እንዳይጻፍ 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ባርን ተብሎ ተሰይሟል፤ ስያሜው በ1942 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በአቶም ምርምር ላይ ከነበሩ ሰዎች የመጣ ነው። ከላይ ያገኘነው የወርቅ ክሮስ ሴክሽን 6.9 ባርን፣ የካድሚየሙ 2,520 ባርን ነው። ከባርን በታች ሚሊባርን፣ ማይክሮባርን፣ ናኖባርን፣ ፒኮባርንና ፌምቶባርን እያንዳንዳቸው በሺህ እያነሱ ይወርዳሉ።

የንድፈ ሐሳብ ስሌት ግን የሚጨርሰው በባርን ሳይሆን «አንድ በካሬ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት» በሚባል መለኪያ ነው። ለመቀየር በ0.3894 ሚሊባርን ያባዙ። ለምሳሌ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተጋጭተው ወደ ሙዮንና ፀረ ሙዮን ሲለወጡ የመጀመሪያው ደረጃ ስሌት «አራት ፓይ በአልፋ ካሬ፣ ለሦስት ጊዜ የጠቅላላ ኢነርጂው ካሬ ሲካፈል» ይላል፤ እዚህ አልፋ 1/137 የሆነው የታወቀ ቋሚ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹን ሲያስገቡና ሲቀይሩ 87 ናኖባርን ለኢነርጂው ካሬ ሲካፈል ያገኛሉ። በ10 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ መልሱ 0.87 ናኖባርን ነው። ይህን አንድ ቁጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ የሌሎች ሂደቶችን መጠን ለመመዘን ጥሩ መነሻ ነው።

ስፋት ያልሆነው ስፋት

አሁን ምሳሌው የሚያሳስትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በሴፕቴምበር 1944 በዋሽንግተን ግዛት በሃንፎርድ የሚገኘው የቢ ሪአክተር ሥራ ጀመረ። ኃይሉ እንደታቀደው ከጨመረ በኋላ ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረና ጠፋ፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ በራሱ መነሣት ቻለ። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ዊለር የውጣ ውረዱን ጊዜ ተከታትሎ ጥፋተኛው በዩራኒየም መከፈል ውስጥ ከሚገኙት ልጅ ኒውክሊየሶች አንዱ መሆን እንዳለበት ተረዳ፦ አዮዲን 135 በ6.6 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ወደ ዜኖን 135 ይለወጣል፤ ዜኖኑ ኒውትሮኖቹን ይውጣል፤ ሪአክተሩ ሲቆም ደግሞ ዜኖኑ በ9.1 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ እየፈረሰ መንገዱን ይለቃል። ሪአክተሩን የሠራው የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች አስቀድመው 1,500 በሚባለው የቱቦ ቁጥር ፈንታ ለ2,004 ቱቦ ቦታ አዘጋጅተው ስለነበር፣ ተጨማሪዎቹን በዩራኒየም በመሙላት ችግሩ ተወገደ።

የዜኖን 135 ክሮስ ሴክሽን ለዝግተኛ ኒውትሮን 2.6 ሚሊዮን ባርን ገደማ ነው። ኒውክሊየሱ ግን ሬዲየሱ 6 ፌምቶሜትር ያህል ስለሆነ የራሱ ስፋት 1.1 ባርን ብቻ ነው። ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚሆነው ይህ ልዩነት የሚፈታው ኒውትሮኑን እንደ ጠጠር ማሰብ ስንተው ነው። የዝግተኛ ኒውትሮን የሞገድ ርዝመት 1.8 × 10⁻⁸ ሴንቲሜትር ሲሆን ይህ ከኒውክሊየሱ ወርድ 15,000 ጊዜ ያህል ይረዝማል። የሞገድ ርዝመቱን ለሁለት ፓይ አካፍለው በዚያ ሬዲየስ ክብ ቢሠሩ ስፋቱ 26 ሚሊዮን ባርን ይሆናል፤ የዜኖን ክሮስ ሴክሽን የዚህ አንድ አሥረኛ ነው። የኒውትሮኑ ኢነርጂ ከኒውክሊየሱ አንድ ደረጃ ጋር ሲገጥም የመዋጥን ወሰን የሚያበጀው የሞገዱ ስፋት እንጂ የኒውክሊየሱ ገጽ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ኒውትሪኖ አለ። ከሪአክተር የሚወጣ ፀረ ኒውትሪኖ ከፕሮቶን ጋር የሚገናኝበት ክሮስ ሴክሽን በ10⁻⁴³ ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ 6.7 × 10²² የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ስላሉ፣ ከላይ ለካድሚየም በሠራነው መንገድ ስናሰላ አንዱ ፀረ ኒውትሪኖ በዚህ መንገድ ከመገናኘቱ በፊት በአማካይ 1.5 × 10²⁰ ሴንቲሜትር፣ ማለትም 160 የብርሃን ዓመት ያህል ውኃ ያቋርጣል። ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካወን በ1956 በሳቫና ሪቨር ሪአክተር አጠገብ ሊይዙት የቻሉት የተላኩት እጅግ ብዙ ስለነበሩ ነው። ፕሮቶኑ ለኒውትሪኖ 10⁻⁴³፣ ለሌላ ፕሮቶን ግን 10⁻²⁵ ካሬ ሴንቲሜትር ያህል «ሰፊ» ከሆነ፣ ስፋቱ የፕሮቶኑ ንብረት ሊሆን አይችልም። ክሮስ ሴክሽን የአንድ ነገር ሳይሆን የአንድ ሂደት መጠን ነው። ስለዚህ አንድ የክሮስ ሴክሽን ቁጥር ሲያዩ ምን ከምን ጋር እንደተጋጨ፣ በምን ኢነርጂ፣ ውጤቱ ምን እንዲሆን እንደተጠየቀና በየትኛው ማዕዘን ወይም ገደብ ውስጥ እንደተቆጠረ ይጠይቁ፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩ ገና አልተሟላም።

ሁለት ጨረሮች ሲጋጩ

በኮላይደር ውስጥ የቆመ ዒላማ ስለሌለ፣ የተላኩት ቅንጣቶችና የኒውክሊየሶቹ ብዛት በአንድ ላይ ሉሚኖሲቲ በሚባል አንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ በሴኮንድ የሚደርሱ ክስተቶች ሉሚኖሲቲ በክሮስ ሴክሽን ሲባዛ ነው። በጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን ላርጅ ሀድሮን ኮላይደር የታቀደለት ሉሚኖሲቲ 10³⁴ በካሬ ሴንቲሜትር በሴኮንድ ነው። ፕሮቶኖች በ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ሲጋጩ አዲስ ቅንጣት የሚያፈልቁበት ክሮስ ሴክሽን 80 ሚሊባርን ያህል ስለሆነ፣ በሴኮንድ 800 ሚሊዮን ግጭት ይደርሳል። ሂግስ ቦዞን የሚፈጠርበት ክሮስ ሴክሽን ደግሞ 55 ፒኮባርን ያህል ነው፤ በሁለት ሴኮንድ አንድ ሂግስ ማለት ነው። ሁለቱን ስናነጻጽር ሂግስ የሚገኘው ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ግጭት በአንዱ ነው።

ለብዙ ዓመታት የተከማቸ ሉሚኖሲቲ የሚጻፈው በተገላቢጦሽ ፌምቶባርን ነው፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። ተገላቢጦሽ ስለሆነ ትንሹ መለኪያ ትልቁን ብዛት ያመለክታል፦ 1 ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን 1,000 ተገላቢጦሽ ፒኮባርን ነው። በዚሁ ኮላይደር ላይ ያለው የአትላስ ሙከራ ከ2015 እስከ 2018 የሰበሰበው 140 ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን ነው። ለማስላት ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ ያምጡ፦ 55 ፒኮባርን 55,000 ፌምቶባርን ነው፤ በ140 ሲባዛ 7.7 ሚሊዮን ሂግስ ይወጣል።

ይህ የተፈጠረው እንጂ የታየው አይደለም። ሂግስ ወዲያው ስለሚፈርስ የምንፈልገውን የመፍረሻ መንገድ ድርሻ ማባዛት አለብን። በሁለት ዜድ ቦዞኖች በኩል ወደ አራት ኤሌክትሮኖች ወይም ሙዮኖች የሚፈርሰው ከ10,000 አንድ ነጥብ ሁለት ያህሉ ብቻ ስለሆነ 7.7 ሚሊዮኑ ወደ 920 ይወርዳል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ጨረሩ ቧንቧ ተጠግተው ስለሚወጡ ዲቴክተሩ አያያቸውም፤ ሌሎቹ ኢነርጂያቸው አነስተኛ ስለሆነ በመምረጫው ይጣላሉ። አትላስና በዚያው ኮላይደር ላይ ያለው ሌላው ሙከራ ሲ.ኤም.ኤስ በዚህ መንገድ ከተሰበሰበው መረጃ እያንዳንዳቸው ያገኙት 200 ገደማ ነው። ከ7.7 ሚሊዮን ወደ 200 የሚወርደውን ይህን መሰላል አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው፣ የሙከራ ቡድኖች ለምን ለዓመታት እንደሚሰበስቡ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሉሚኖሲቲው ራሱ የሚታወቀው ሳይመን ቫን ደር ሜር በ1968 ባቀረበው ዘዴ ነው፤ ሁለቱን ጨረሮች ቀስ በቀስ ወደ ጎን እያንሸራተቱ የግጭቱ ብዛት እንዴት እንደሚቀንስ በመከታተል የጨረሮቹን ወርድ ያገኛሉ። አትላስ የ2015 እስከ 2018ን ሉሚኖሲቲ የለካው 0.83 በመቶ በሆነ የስህተት መጠን ነው።

ከቆጠራ ወደ ክሮስ ሴክሽን መመለስ

መረጃ በእጅ ካለ ስሌቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ከተቆጠሩት ክስተቶች ባክግራውንዱን (የምንፈልገውን መስለው ከሌላ ሂደት የመጡትን) ይቀንሱ፣ ቀሪውን ለሉሚኖሲቲና ለመመዝገብ ብቃት ብዜት ያካፍሉ። ለልምምድ ያህል በሠራሁት ምሳሌ 1,240 ክስተት ተቆጥሯል፤ ከነሱ 340ው ባክግራውንድ እንደሆነ ተገምቷል፣ የግምቱ የስህተት መጠን 20 ነው፤ ሉሚኖሲቲው 10 ተገላቢጦሽ ፌምቶባርን፣ ብቃቱ 0.30 ነው። ቀሪው 900 ለ3 ሲካፈል 300 ፌምቶባርን ይሆናል።

የስህተት መጠኑን ሳያያይዙ ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ። የቆጠራው ስህተት የ1,240 ስኩዌር ሩት፣ 35 ነው፤ ለ3 ሲካፈል 12 ፌምቶባርን። ተማሪዎች አዘውትረው ስኩዌር ሩቱን ከ900 ይወስዳሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም በዕድል ከፍ ዝቅ የሚለው የተቆጠረው ሁሉ እንጂ የተቀነሰለት ቀሪ አይደለም። የባክግራውንዱ 20 ክስተት 7 ፌምቶባርን ይሰጣል። ብቃቱ በ4 በመቶ ካልታወቀ 12 ፌምቶባርን ይጨምራል፤ ሁለቱ በካሬያቸው ተደምረው ስኩዌር ሩት ሲወሰድ 14 ይሆናሉ። ሉሚኖሲቲው በ1 በመቶ ካልታወቀ 3 ፌምቶባርን ነው። እነዚህ በአንድ ሳይጨመቁ ለየብቻ ይጻፋሉ፦ 300 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 12 በቆጠራ፣ 14 በመሣሪያና በባክግራውንድ፣ 3 በሉሚኖሲቲ። እንዲህ ሲጻፍ አንባቢው ተጨማሪ መረጃ ቢሰበሰብ የትኛው ስህተት እንደሚቀንስ፣ የትኛው እንደማይቀንስ ያያል።

በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ ክሮስ ሴክሽኑ ዲቴክተሩ በሚያየው ክልል ውስጥ ብቻ ይሁን ወይስ ጠቅላላ ይሁን ለይተው ይመልከቱ። ወደ ጠቅላላው የሚደረገው ጉዞ ያልታየውን ክፍል ከንድፈ ሐሳብ ስለሚወስድ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲሻሻል ቁጥሩም ሊለወጥ ይችላል፤ በሚታየው ክልል የተወሰነው ግን ብዙ ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ምርጫ ካለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጫፉን ማንበብ

ክሮስ ሴክሽን ከኢነርጂ ጋር በግራፍ ሲሳል የሚታይ ጫፍ አዲስ ቅንጣት መፈጠሩን ይናገራል። ከ1989 ጀምሮ በሰርን የሠራው የሌፕ ኮላይደር ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን በ91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲያጋጭ፣ ወደ ሀድሮኖች (ከኳርኮች ወደተሠሩ ቅንጣቶች) የሚወስደው ክሮስ ሴክሽን የፎቶን መፍለቅ ከታረመለት በኋላ 41.5 ናኖባርን ደረሰ። ከላይ በቃል እንዲይዙት የጠየቅሁትን የ87 ናኖባርን ቀመር እዚህ ቢያስገቡና ኳርኮችን ለመቁጠር በ11/3 ቢያባዙ የሚያገኙት 0.038 ናኖባርን ብቻ ነው። ከሺህ ጊዜ በላይ የሆነው ልዩነት የዜድ ቦዞን ነው። ዜድ ወደማይታዩ ኒውትሪኖዎችም ስለሚፈርስ፣ የኒውትሪኖ ዓይነቶች በበዙ ቁጥር ጫፉ ይሰፋል፣ ቁመቱም ይቀንሳል፤ የሌፕ ሙከራዎች ከዚህ ቁመትና ወርድ ተነሥተው የቀላል ኒውትሪኖ ዓይነቶችን ብዛት 2.984 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.008 አድርገው ለኩ።

ምንም ካልታየ

ብዙ ፍለጋዎች የሚጠናቀቁት ምንም ክስተት ሳይገኝ ነው፤ ይህም ቢሆን በቁጥር ይነገራል። ባክግራውንድ በሌለበት ሁኔታ አማካይ ቁጥሩ 3 የሆነ ሂደት ዜሮ ክስተት የሚያሳይበት ዕድል የኢ አሉታዊ 3ኛ ርቢ፣ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ዜሮ ከቆጠሩ በ95 በመቶ እምነት ክሮስ ሴክሽኑ ከ«3 ለሉሚኖሲቲና ለብቃት ብዜት ሲካፈል» ያንሳል ማለት ይችላሉ። በ140 ተገላቢጦሽ ፌምቶባርንና በ0.3 ብቃት ወሰኑ 0.07 ፌምቶባርን ይሆናል። በ90 በመቶ እምነት መናገር ከፈለጉ በ3 ፈንታ 2.3ን ይጠቀሙ።

በሳውዝ ዳኮታ ከመሬት በታች በፈሳሽ ዜኖን ጨለማ ቁስን የሚፈልገው የኤል ዜድ ሙከራ በ2024 ያስታወቀው ወሰን በዚህ መንፈስ ይነበባል፤ ስሌቱ ባክግራውንድን ስለሚጨምር ከእኛው ይበልጥ የተራቀቀ ቢሆንም። ክብደቱ 40 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለሆነ የጨለማ ቁስ ቅንጣት፣ ከአንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ጋር የሚገናኝበት ክሮስ ሴክሽን ከ2.2 × 10⁻⁴⁸ ካሬ ሴንቲሜትር እንደማይበልጥ ይናገራል። ይህ ከላይ ካየነው የሪአክተር ፀረ ኒውትሪኖ ክሮስ ሴክሽን በአሥር ሺዎች እጅ የሚያንስ ነው፤ ወሰኑን አሁን ወደ ባርን ለውጠው ስንት ዮክቶባርን እንደሚሆን፣ 1 ዮክቶባርን 10⁻²⁴ ባርን መሆኑን ይዘው፣ ራስዎ ያስሉት።